የሐበሻ ጥድ ነው ወይስ የፈረንጅ ጥድ? በቅጠል፣ በቅርፊትና በፍሬ ስለ መለየት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከአያቴ በወረስነው ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ አለ። ዘሩን ለቅሜ ችግኝ ለማፍላት አስቤ ሳለ፣ ጎረቤታችን «የፈረንጅ ጥድ ነው፤ አትድከም» አሉኝ፤ እናቴ ግን የሐበሻ ጥድ ስለ መሆኑ አትጠራጠርም። ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ደቃቅ ነው፤ የግንዱ ቅርፊት ቡናማ ሆኖ በረጅሙ ይላጣል። ከሥሩም የደረቁና የተሰነጣጠቁ፣ እንጨት የመሰሉ ድቡልቡል ፍሬዎች አግኝቻለሁ። በምን ልለየው?

የመጀመሪያ መልስ

የለቀሙት ፍሬ ነገሩን ጨርሶታል፤ የፈረንጅ ጥድ ነው። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ይህ ዛፍ ፍሬው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ሲበስል እንደ እንጨት የሚደርቅና ተሰነጣጥቆ ዘሩን የሚበትን ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላና አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነው፤ በፍጹም አይሰነጠቅም።

ሁለተኛ መልስ

የፍሬዎቹ ልዩነት በትክክል ተገልጿል፤ ፍርዱ ግን የቸኮለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከመሬት የተለቀመ ፍሬ ከየትኛው ዛፍ እንደ ወደቀ አይናገርም። በአጥሩ ዙሪያ የፈረንጅ ጥድ ተተክሎ እንደ ሆነ ቢገልጹልን መልካም ነው። ቅርፊቱን ለጊዜው ይተዉት፤ የሁለቱም በረጅሙ ስለሚላጥ ብዙ ሰው ያሳስታል። ይልቅ ቀና ብለው ቅርንጫፎቹን ይመልከቱ። የፈረንጅ ጥድ ደረቅ ፍሬውን ቶሎ ስለማይጥል፣ ያደገ ዛፍ ከሆነ የአሮጌ ፍሬ ዘለላ በቅርንጫፉ ላይ ማየትዎ አይቀርም። ከዚያ በታችኞቹ ለጋ ቅርንጫፎች ላይ እንደ መርፌ የሾለ፣ ሲነኩት የሚወጋ ቅጠል ከደቃቁ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ካገኙ የሐበሻ ጥድ ምልክት ነው። ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው፣ የሐበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዛፉ ሰማያዊ ፍሬ ስለሌለው ብቻ የሐበሻ ጥድ አይደለም ማለት አይቻልም።

ጠያቂው

ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ተመልሼ አየሁት። ከአጥሩ ወዲያ በጎረቤታችን በኩል በመስመር የተተከሉ ሦስት ጥዶች አሉ፤ ቅርንጫፎቻቸው በእነዚያው ደረቅ ፍሬዎች ተሞልተዋል። በእኛ ዛፍ ላይ ግን አንድም ደረቅ ፍሬ የለም። በቅጠሉ ጫፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ፣ ሲነኳቸው ቢጫ ብናኝ የሚያወጡ ነገሮች አሉ። ከግንዱ ሥር የበቀለው ቅርንጫፍም እጄን ወግቶኛል።

ሁለተኛው መላሽ

እንግዲያው እናትዎ ትክክል ናቸው፤ ዛፉ ወንድ የሐበሻ ጥድ ነው ብዬ አምናለሁ። ብናኙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የፈረንጅ ጥድም ብናኝ አለውና። ነገር ግን ደረቅ ፍሬ አለመኖሩና የሚወጋው ቅጠል አንድ ላይ ሲታዩ ሌላ የሚያጠራጥር ነገር አይቀርም። የሚያሳዝነው፣ ከወንድ ዛፍ ዘር አይገኝም። በአቅራቢያዎ ካለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሴት ዛፍ ይፈልጉና የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው ጥቁር ሰማያዊ የሆነውን ፍሬ ብቻ ከቅርንጫፉ ይልቀሙ፤ አረንጓዴው አልበሰለም። ከዚያ ሥጋውን አሽተው ካጠቡ በኋላ ውስጡ ያሉትን ጥቂት ዘሮች በጥላ አድርቀው መደብ ላይ ይዝሩ። በነገራችን ላይ፣ የመናገሻ ደን ጥድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደ ተተከለ ይተረካል። ወፍ ዋሻ ደግሞ ከእርስዎ ሩቅ አይደለም።