አይቲ ክፍል ከፕሪንተርና ከፓስወርድ ወጥቶ የድርጅቱ ዋና ሥራ ውስጥ እንዴት ይግባ?

ሜክሲኮ_አይቲ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ አካባቢ የሆነ የአስመጪና አከፋፋይ ድርጅት የአይቲ ኃላፊ ነኝ። በክፍላችን ስድስት ሠራተኞች አሉን፤ መርካቶ መሸጫ፣ ቃሊቲ መጋዘን አለን። ሒሳቡ በፒችትሪ ይሠራል፤ ትዕዛዝ በስልክና በቴሌግራም ይመጣል። የምንፈለገው ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ ወይም «ሲስተም የለም» ሲባል ብቻ ነው። ተጠሪነታችን ለፋይናንስ ነው፤ የዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ የሚጠይቀን የለም። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 እስኪገባ ሦስት ወር አለን። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ኢአርፒ (ሽያጭን፣ መጋዘንንና ሒሳብን በአንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር) ስለመግዛት እያነሱ ነው። ከየት እንጀምር? ተጠሪነታችን ወደ ሥራ አስኪያጁ እንዲዞር አስቀድሜ ልጠይቅ?

ሽቦና_ሒሳብ
የተጠሪነቱን ጉዳይ ለጊዜው ተዉት። «ሲስተም የለም» እየተባለ የሚነሳ የሥልጣን ጥያቄ ሰሚ አያገኝም። የመጀመሪያውን ወር ለኢንተርኔት መቆራረጡ ስጡት።

መርካቶ ያለው መሸጫ አንድ መስመር ብቻ ካለው ሁለተኛውን ከሌላ ኦፕሬተር ውሰዱ። ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ይቻላል። ሁለቱንም ከአንድ ኦፕሬተር ከወሰዳችሁ ግን ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር አንድ ፋይበር ቢቆረጥ ሁለቱም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ሁለት መስመር የሚቀበል ራውተር አስገቡና መስመር መጥፋቱን የሚያጣራው የቅርቡን ጌትዌይ (መስመሩ መጀመሪያ የሚያርፍበትን መሣሪያ) ፒንግ በማድረግ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ በመሞከር) ሳይሆን ከኦፕሬተሩ ውጭ ያለ አድራሻ ፒንግ በማድረግ ይሁን። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ጌትዌዩ እየመለሰ ኢንተርኔቱ ከዚያ ወዲያ ሲሞት ራውተሩ ሁሉም ደህና ይመስለዋል፣ ወደ ሁለተኛው መስመርም አይዞርም። በሞባይል ዳታ የሚሠራ መስመር በአብዛኛው የራሱ የሕዝብ አይፒ (ከውጭ የሚገኝበት የኢንተርኔት አድራሻ) ስለማይኖረው ቪፒኤኑን (ቢሮዎቹን በኢንተርኔት ላይ የሚያገናኘውን የተመሰጠረ መስመር) ቅርንጫፉ ወደ ዋናው ቢሮ እንዲጀምር አድርጉ እንጂ በተቃራኒው አትሞክሩት። ሲያልቅ በሥራ ሰዓት ገመዱን ነቅላችሁ ፈትሹ።

ሌላው ፒችትሪ ነው። የመረጃ ፋይሎቹን በቀጥታ ስለሚከፍት በቪፒኤን ላይ በተጋራ ፎልደር ስትሠሩበት ይንቀራፈፋል፤ መስመር መሐል ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ፕሮግራሙ ከነመረጃው ዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፣ ቅርንጫፎቹ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሰርቨሩን ስክሪን ከርቀት ከፍቶ በመሥራት) ይግቡ፤ በቪፒኤን ውስጥ ብቻ፣ የሪሞት ዴስክቶፑን መግቢያ፣ ፖርት 3389ን፣ ለኢንተርኔት ሳትከፍቱ። የሪሞት ዴስክቶፑን የተጠቃሚ ፈቃድ አብራችሁ በጀት ውስጥ አስገቡ፤ ዊንዶውስ ሰርቨር ያለዚያ ከ120 ቀን በኋላ ሠራተኛውን አያስገባም።

ቁጥር_ይናገር
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን እሱ ወቀሳ ያስቀርላችኋል እንጂ ዕቅድ ላይ አያስጠራችሁም። ዕቅድ ላይ የሚያስጠራችሁ የድርጅቱ ገንዘብ የት እንደሚዘገይ ማሳየት ነው።

50 የዱቤ ሽያጮች ውሰዱ። ለእያንዳንዱ አምስት ነጥብ መዝግቡ፦ ትዕዛዙ የደረሰበት፣ ዱቤው የጸደቀበት፣ ዕቃው ከመጋዘን የወጣበት፣ ደረሰኙ የተቆረጠበት፣ ገንዘቡ ባንክ የገባበት። የመጀመሪያው ከቴሌግራም መልእክቱ ይገኛል። የመጋዘን መውጫ ላይ የሚጻፈው ቀን ብቻ ከሆነ ከአሁን ጀምሮ ሰዓትም ይጻፍበት። ከዚያ በየደረጃው ያለውን ቆይታ በቅደም ተከተል ደርድሩና መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር ያዙ፤ አማካይ ካወጣችሁ ሦስት ወር ያልከፈለ አንድ ደንበኛ ሁሉንም ያዛባዋል።

ያገኛችሁትን በብር ቀይሩት። ለምሳሌ በወር የ12 ሚሊዮን ብር ዱቤ ሽያጭ ካለ የቀኑ 400 ሺህ ነው። አሰባሰቡ በ7 ቀን ቢፈጥን 2.8 ሚሊዮን ብር ይለቀቃል፤ በ18 በመቶ የባንክ ወለድ ሲታሰብ በዓመት 504 ሺህ ብር። ሥራ አስኪያጅ የሚገባው ይህ ቋንቋ ነው።

ክፍያ ማረጋገጡን በተለይ እዩት። ደንበኛ የባንክ ወይም የቴሌብር ስክሪንሾት ስለላከ ዕቃ መልቀቅ አደገኛ ነው፤ ስክሪንሾት ይቀናበራል። የባንክ ስቴትመንቱን በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ አውርዱና በማጣቀሻ ቁጥርና በገንዘቡ መጠን አዛምዱ። በስም አታዛምዱ፤ አንዱ ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜም የሚልከው የደንበኛው ወንድም ነው። ኤክሴል ላይ የማጣቀሻውን ዓምድ ገና ስታስገቡት ጽሑፍ አድርጉት፤ አለዚያ ፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል፣ ከ15 አሃዝ በላይ ያለውም ወደ ዜሮ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

የመጋዘን_ሰው
ኢአርፒው ይቆይ። «ዘይት 5ሊ»፣ «ዘይት 5 ሊትር»፣ «የምግብ ዘይት ባለ 5» ተብሎ አንዱ ዕቃ በሦስት ኮድ ከተመዘገበ አዲሱ ሲስተም ውዥንብሩን በውድ ዋጋ ይገለብጠዋል። ኮድ የመክፈት ሥልጣን ለአንድ ሰው ስጡ፤ ሰውየው ከመጋዘን ይሁን እንጂ ከአይቲ አይሁን። ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ በዶላር የሚከፈል ዓመታዊ ፈቃድን ዛሬ ባለው ተመን ብቻ አታስሉት፤ 20 በመቶ ቢጨምርስ የሚል ሁለተኛ ዓምድ ይኑር። ሻጩ ሲመጣ የራሱን ማሳያ አትዩለት። የእናንተን አስቸጋሪ 10 ሥራዎች፣ ከፊል ተመላሽ፣ ከፊል ክፍያ፣ ቀሪ ሒሳብ ያለበት ዝውውር፣ ስጡትና ፊታችሁ ይሥራው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ የትኛውንም ፕሮጀክት የሽያጭ ወይም የመጋዘን ኃላፊ «የኔ ነው» ብሎ ካልያዘው አትጀምሩ። አይቲ ብቻውን የያዘው ሲስተም በሁለተኛው ወር ወደ ደብተር ይመለሳል።

ሜክሲኮ_አይቲ (ጠያቂ)
በጣም አመሰግናለሁ። የ50ውን ምዝገባ ሰኞ እንጀምራለን። አንድ ችግር ግን አለ፦ እኛ የምናወጣው ወርሃዊ ሽያጭና የፋይናንስ ቁጥር አይገጥምም።

ቁጥር_ይናገር
ወሩን በምን እንደምትቆርጡ እዩ። ሲስተሙ የሚመዘግበው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ፋይናንስ ሚያዝያ ሲል ከኤፕሪል 9 እስከ ሜይ 8 ማለቱ ነው። እናንተ ኤፕሪልን ከቆረጣችሁ ስብሰባው በሙግት ያልቃል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ያለው የቀን ሠንጠረዥ ሥሩ፤ በአንድ ዓምድ የፈረንጁ ቀን፣ በሌላው የኛ ወርና በጀት ዓመት። የተወሰነ ቀን በሚደምር ቀመር አትሞክሩት፤ መስከረም 1 አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ይደመር ወይስ ለብቻው ይቁም የሚለውን ፋይናንስ ወስኖ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ሁለት ወር ቁጥራችሁ ከፋይናንስ ጋር ከገጠመ በኋላ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ የበጀት ስብሰባው ላይ ወንበር ጠይቁ። አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ፦ በሥራ ሰዓት የተቋረጠበት ሰዓት፣ ከትዕዛዝ እስከ ክፍያ ያለው ቆይታ፣ የተለቀቀው ብር። የብሩን ስሌት ፋይናንስ ቀድሞ ይፈርምበት።