ኮርቬት ሲ8፦ 1ኤልቲ ከዜድ51 ጋር ወይስ 3ኤልቲ ያለ ዜድ51?

የለገጣፎው፦
ሰላም ቤተሰብ። ለገጣፎ ጋራዥ ነው የምሰራው፣ ቪትዝና ኮሮላ ስፈታ ነው የምውለው። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ ስንት አመት ሌሊት ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ አሁን በቃ አንዴ ለራሴ ልግዛ ብሎ ሼቭሮሌት ኮርቬት ሲ8 ስቲንግሬይ የሚባል የአሜሪካ የስፖርት መኪና ላይ ሙጭጭ ብሏል። ሁለት ያገለገሉ 2021 ሞዴል አግኝቶ ፎቶአቸውን ላከልኝና "አንተ መካኒክ አይደለህ እንዴ፣ ምረጥልኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ ሞተሩ ወንበር ስር ያለ ሚኒባስ እንጂ ከሹፌሩ ጀርባ ያለ መኪና ነክቼ አላውቅም 😅

አንደኛው 1ኤልቲ ነው ግን ዜድ51 አለው። ሌላኛው 3ኤልቲ ነው፣ ውስጡ ቆዳ በቆዳ፣ ዜድ51 ግን የለውም። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። በየቀኑ ስራ ሊሄድበት ነው የሚያስበው። የትኛውን ልበለው?

ካምቢዮ፦
ብሮ መጀመሪያ ሁለቱን ነገር ለይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። 1ኤልቲ 2ኤልቲ 3ኤልቲ የሚሉት የጋቢና ደረጃ ነው እንጂ ጉልበት አይጨምርም፣ ሞተሩ በሶስቱም ያው 6.2 ሊትር ቪ8 ነው፣ ካምቢዮውም ያው ባለ 8 ማርሽ ደብል ክላች ነው (በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን ሲ8 ላይ ጭራሽ የለም፣ ወንድምህ ማኑዋል የሚመኝ ከሆነ ይርሳው)። 490 የፈረስ ጉልበት አለው።

ዜድ51 ግን የብረት ስራ ነው። ትልልቅ ፍሬን፣ ጠንከር ያለ ሞላ፣ ተጨማሪ ራዲያተር፣ በኮምፒውተር የሚቆለፍ ዲፈረንሻል፣ አጠር ያለ የመጨረሻ ጊር ሬሾ፣ ሌላ ማርሚታ። ማርሚታው 5 ፈረስ ይጨምርና 495 ይሆናል። ከዜሮ 60 ማይል በ2.9 ሰከንድ ይገባል ይላል ፋብሪካው። ወንበር ሰፈር ወስደህ ማልበስ ትችላለህ፣ ይሄን ሁሉ በኋላ ልግጠም ብትል ግን መኪናውን እንደገና መግዛት በለው። እኔ ዜድ51 ነው የምለው።

ቱሉዲምቱ ኮንዶ፦
ካምቢዮ ያለው ልክ ነው ግን ልጁ በየቀኑ ስራ ሊሄድበት ነው እኮ ያለው፣ ትራክ ላይ ሊወዳደር አይደለም። ሜሪላንድ ደግሞ በረዶ አለ። ዜድ51 ከፋብሪካ የሚወጣው በበጋ ጎማ ነው፣ ብርድ ሲመጣ ጎማው ይደርቅና አስፋልት አይይዝም፣ በረዶ ላይማ ተወው። ያለ ዜድ51 የሚመጣው ለአራቱም ወቅት በሚሆን ጎማ ነው። በርግጥ ጎማ ይቀየራል፣ ግን ከኋላ 305 ስፋት ባለ 20 ቸርኬ ነው፣ ኪሱን ይጠይቅ። ስኮርታም የለውም፣ ሲተነፍስ ትንሽ መንገድ የሚያስኬድ ጎማ ነው የተገጠመለት፣ ስለዚህ ለጎሚስታ ደውሎ መጠበቅ ነው።

ሌላው ማግኔቲክ ራይድ የሚሉት አለው ወይ በለው። አሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት የብረት ብናኝ አለበት፣ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ይወፍራል፣ ሲቀነስ ይቀጥናል፣ መንገዱን እያየ በቅጽበት ይቀያይረዋል። ከ2021 ጀምሮ ያለ ዜድ51ም ይታዘዝ ነበር። 3ኤልቲው ይሄ ካለው ለኔ አለቀ።

የለገጣፎው፦
ጠየቅኩት፣ ማግኔቲክ ራይዱ 3ኤልቲው ላይ አለ፣ 1ኤልቲው ላይ የለም። አሁን የባሰ ግራ ገባኝ። በነገራችን ላይ "ሰልችቶኝ ስመለስ ይዤው እመጣለሁ" ይላል 😂

የቡራዩዋ፦
ይዞ የሚመጣበት መንገድ የለማ፣ በኛ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ። ደግሞስ ከአያት ወደ ለገጣፎ ባለው ጉብታና ኮብልስቶን ላይ ያንን ሆዱ መሬት የሚልስ ነገር ሊነዳ ነው? ለዚህ እንኳን ፍሮንት ሊፍት የሚባል አላቸው፣ አፍንጫውን ወደ 40 ሚሊሜትር ያነሳዋል፣ እስከ 1,000 ቦታ በጂፒኤስ ያስታውሳል፣ ጉብታው ጋ ሲደርስ ራሱ ይነሳል። እኛ ሰፈር ሺው አንድ ቀን ላይ ነው የሚያልቀው። ግን ተለይቶ የሚታዘዝ ስለሆነ ሁሉም ላይ የለም፣ አለ ካሉት ሲነሳ ቪዲዮ ያስቀርጽ።

ስለ ቆዳው ሁላችሁም ቀለዳችሁ እንጂ 1ኤልቲ የሚጎድለው ቆዳ ብቻ አይደለም። ጎን ላይ መኪና ሲመጣ የሚያስጠነቅቀው፣ የፊት ካሜራው፣ መስታወት ላይ ፍጥነት የሚያሳየው፣ የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው ወንበር፣ እነዚህ ከ2ኤልቲ ነው የሚጀምሩት። ሞተሩ ጀርባህ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚታይህ እንደ መስኮት ቀዳዳ ነው፣ ሀይዌይ ላይ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ያ ማስጠንቀቂያ ከ5 ፈረስ ይበልጣል። እኔ ብሆን ሁለቱንም ትቼ 2ኤልቲ እፈልግ ነበር። 3ኤልቲ ከ2ኤልቲ የሚለየው በአብዛኛው በቆዳው ነው።

ካምቢዮ፦
እሺ እሷ አሸነፈችኝ 🙌 2ኤልቲ ከዜድ51 ጋር ካገኘ ግን እኔም አሸነፍኩ። የካምቢዮ ፊልተሩንም ይጠይቅ፣ ለመጀመሪያዎቹ አመታት ሞዴሎች የመጀመሪያው ቅያሪ 7,500 ማይል ላይ ነበር፣ ወረቀት ያሳዩት፣ ደብል ክላች ከተበላሸ ቀልድ አይደለም።

የለገጣፎው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አንብቤለት 2ኤልቲ ፍለጋ ገብቷል። አንድ ነገር ግን ረስተን ነበር፣ እናታችን በቅርቡ ልትጠይቀው ትሄዳለች፣ በኮርቬት ነው የምቀበላት ብሎ ነበር። ወንበሩ ሁለት ነው፣ እሱ ይበቃል። ፊት አንድ ትንሽ ሻንጣ፣ ኋላ ሞተሩ ጀርባ ትንሽ ቦታ አለ። እሷ ደግሞ ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ነው የምትይዘው፣ ጉልበቷንም ያማታል፣ ያን ያህል ዝቅ ብላ ገብታ ማን ያወጣታል? ይሄን ስነግረው ትንሽ ዝም አለና "ለዛን ቀን ታክሲዋን አመጣለሁ" አለኝ።