የአየርላንዱ የክላራ ረግረግ ማመልከቻ፦ ረቂቁን አይታችሁ ሐሳብ ስጡ (አርብ ይዘጋል)

ጸሐፊ፦ 20 ሰው ይዘን የክላራን ቦዮች መድፈን እናግዛለን። የምንጠይቀው 3000 ዩሮ ነው። እንደ አምናው ቀኑ አልፎብን እንዳንዋረድ።

የጎልዌዩ፦ «ረግረግ» ይውጣ። ክላራ ከዝናብ በቀር ውሃ አያገኝም፤ መሃሉ እንደ አክንባሎ ጎበጥ ያለ ነው። እኛ ጋ በምዕራብ አየርላንድ ያለው ደግሞ ተራራውን እንደ ጋቢ የሸፈነ ነው። ከከርሰ ምድር ውሃ የሚጠጣው ፌን ሌላ ነው። ሁሉንም ረግረግ ማለት አላዋቂነት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ማመልከቻው የሚገባው በእንግሊዝኛ ነው እኮ!

የጎልዌዩ፦ ለአባላት የሚበተነውስ?

እትዬ፦ ፒት የሚሉት፣ በውሃ ውስጥ በቅጡ ሳይበሰብስ የተከማቸው የተክል ቅሪት፣ ያው ኩበት ነው። ቆርጠው፣ አድርቀው ያነዱታል። ምኑ ያከራክራል?

ጸሐፊ፦ ኩበት ነገም ይገኛል እትዬ። ይሄ በዓመት 1 ሚሊሜትር ቢያድግ ነው። አንድ ሜትሩ 1000 ዓመት ፈጅቷል።

የጎልዌዩ፦ ኩበት ብለን ገንዘብ ልንጠይቅ? መሳቂያ ልታደርጉን ነው።

እትዬ፦ አንተ በምን በተጋገረ እንጀራ አደግክ? ኩበት አትናቅብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ኧረ በጀቱን ያነበበ አለ?

አዲስ አባል፦ ቦርድ ና ሞና፣ የመንግሥቱ የፒት ኩባንያ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ቁፋሮውን አቁሟል አይደል? ታዲያ ምን ቀረን?

ጸሐፊ፦ ክላራም ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። ግን ዳር ዳሩ ለማገዶ ተቆርጦ ውሃው ሸሸ፤ መሃሉ ሰመጠ። ሲደርቅ ያመቀውን ካርቦን ይለቃል። ቦዮቹን በግድብ የምንደፍነው ውሃው እንዳይሸሽ ነው።

አዲስ አባል፦ ግድብ ካላችሁ ቦንድ ሽጡልን 😂

የጎልዌዩ፦ እትዬ፣ ተናድጄ ነው፣ ይቅር በይኝ። «ረግረግ» ግን ይውጣ።

ጸሐፊ፦ የጥብቅ ስፍራውን ኃላፊዎች አነጋግራለሁ ያለው ማን ነበር? ሦስት ቀን ሆነው።

ጸሐፊ፦ ማንም የለም?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ደወልኩ። ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ ቦይ አይነካም። በእንጨት መራመጃው ላይ መሄድ ግን ይቻላል።

እትዬ፦ በቃ እንጎብኝ። ከደብሊኑ ሂውስተን ጣቢያ ባቡሩ ክላራ ድረስ ይሄዳል። አውቶቡሱን ሰርዙት፤ በብሩ ምሳ ይሠራ። ቀኑ ጾም ነው?

አዲስ አባል፦ ረቡዕ ወይም አርብ ካልሆነ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው አካፋና ቦት ጫማውን ከበጀቱ አወጣሁ።

የጎልዌዩ፦ ርዕሱን ምን አላችሁት?

ጸሐፊ፦ «የክላራ ሽርሽር»።