ፍላሹ ባዶ ነው፣ ቪዲዮው ግን አልገባ አለ! ድረሱልኝ

ሚሚ፦ እባካችሁ ቶሎ! የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ከአሮጌው ላፕቶፕ ወደ አዲሱ ላዛውር ብል ፍላሹ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይለኛል። 32 ጂቢ ነው፣ ባዶውን ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ በራሱ ጠፋ። ነገ ቅልቅል ላይ ይታያል ተብሏል።

ጋሽ ፍሎፒ፦ ልጄ፣ ባክአፕ የሚያዘው ዕቃው ሳይታመም ነው። እኛ 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ ፍሎፒ እንኳ ሁለት ሁለት ኮፒ እናስቀምጥ ነበር።

ኪያ፦ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪና በአዲሱ አውርጂው።

ሚሚ፦ 11 ጂቢ እኮ ነው! ጥቅሌ ደግሞ አልቋል።

ኪያ፦ በቃ ድጋሚ ይሞሸሩ 😂

አቤል፦ ፍላሹ ቫይረስ አለበት። ፎርማት አድርጊው።

ዳኒ፦ ቫይረስ አይደለም። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የድሮ ፎርማት ስለተዘጋጀ ነው። ባዶ ቢሆንም ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ራይት ክሊክ፣ ፎርማት፣ ከዚያ ኤክስፋት የሚለውን ምረጪ። ያለውን ሁሉ ያጠፋልና መጀመሪያ ውስጡን እዪ።

አቤል፦ እኔስ ፎርማት አይደል ያልኩት?

ትዕግስት፦ ፍላሽ ምን ያደርጋል? ሁለቱንም ራውተሩ ላይ በገመድ ሰኪና ፎልደሩን ሼር አድርጊ። ኔትወርኩ ሁለቱም ላይ «ፕራይቬት» ይሁን፣ «ፐብሊክ» ከሆነ አይተያዩም። ጥቅል አያስፈልግሽም፣ ፋይሉ ከቤት አይወጣም። 100 ሜጋቢት ራውተር እንኳ ቢሆን ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍ። በዋይፋይም ይሆናል፣ ግን ሊንቀራፈፍ ይችላል።

ዮኒ፦ ቆይ፣ ለምንድን ነው በራሱ የሚጠፋው? ይግላል? ሃርድዲስኩ ቋ ቋ ይላል? እንደዚያ ከሆነ ደጋግመሽ አታስነሺው። ሃርድዲስኩን አስወጥተሽ በዩኤስቢ ኬዝ አዲሱ ላይ ሰኪው።

ጋሽ ፍሎፒ፦ ባክአፕ ቢኖር ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ሚሚ፦ ገመድ የለኝም። ዳኒ እንዳለው ኤክስፋት አደረግኩት፣ እየገባ ነው!! 41 በመቶ። ተባረክ ወንድሜ። ዮኒ፣ ምንም ድምፅ የለውም። ጠዋት የጠፋውም መብራት ብልጭ ሲል ነው።

ዮኒ፦ መብራት ብልጭ ሲል? ባትሪውስ?

ሚሚ፦ ባትሪ የለውም እኮ። ከሞተ ሁለት ዓመቱ፣ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው።

ዮኒ፦ ይሄን ነዋ ከመጀመሪያ የሚነግሩት! ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። ብቻ ኮፒው እስኪያልቅ መብራቱ ይቆይልሽ እንጂ።

ኪያ፦ እኛ ሰፈር አሁን ሄደ።

ዳኒ፦ ሚሚ፣ ስንት ደረሰ?

ዳኒ፦ ሚሚ?