ኪፕቾጌ «የእሑድ አባት» ነው ወይ?

የሩጫ ወዳጅ፦ ትናንት አንድ አባል ስለ ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ሲጽፍ «ሳምንቱን ካምፕ የሚያድር ሰው የእሑድ አባት እንጂ አባት አይባልም» ማለቱን አንብቤ በጣም አዝኛለሁ። ሰውየው ሰኞ ካፕታጋት ያለው የልምምድ ካምፕ ገብቶ ቅዳሜ ኤልዶሬት ወዳለው ቤቱ የሚመለሰው ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ጠልቶ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በርሊን ማራቶን ላይ የሮጠው 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ያለዚያ ሥርዓት ስለማይመጣ ነው። በዚያ ላይ ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ይዞ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በተራው የካምፑን ሽንት ቤት የሚያጥብ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አባትነቱን መንፈግ ግፍ ነው።

የሯጭ ሚስት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላነሳም። ባለቤቴ ይሮጥ በነበረበት ጊዜ ለዝግጅት እየሄደ ሳምንታት ይሰነብት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሱሉልታ መጥቶ ጭቃ የጠገበ ጫማውን በራፍ ላይ ሲያወልቅ፣ ሁለት ዓመት ያለፋት ልጃችን ቀሚሴ ሥር ተሸጉጣ «ማሚ፣ ሰውዬ መጣ» አለችኝ። እሱም ሰምቷል፤ አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለጓደኞቹ ሁሉ ታዛዥ ነበር። የካምፑን ሽንት ቤት ማጠቡን ስታመሰግኑ፣ በነዚያ ቀናት የራሱን ቤት ማን እንደሚያጸዳ ለምን አንዳችሁም አልጠየቃችሁም?

አሠልጣኝ፦ እህቴ፣ ሐዘንሽን አከብራለሁ፤ «የእሑድ አባት» የሚለውን ግን አልቀበልም። ኪፕቾጌ አባቱን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የነበረች እናቱ ያሳደገችው ሰው ስለሆነ፣ የአባት መታጣት ምን እንደሆነ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ጠዋት 30 እና 40 ኪሎ ሜትር የሮጠ አትሌት ቀን መተኛት አለበት፤ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ የቀን እንቅልፍ የለም። ቤሩትና ጅዳ ሰው ቤት እየሠሩ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶቻችንንስ «የስልክ እናት» ልንላቸው ነው?

የሯጭ ሚስት፦ እነሱን እዚህ ውስጥ አያስገቧቸው። እነሱ የተሰደዱት ቸግሯቸው ነው፤ ኪፕቾጌ ግን ከቸገረው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ደራርቱ ወልዳ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ እናትነቷ ከድሏ ጋር አብሮ ተወራ፤ ወንዶቹ ሲያሸንፉ አባትነታቸውን ማን ያነሣል?

የሩጫ ወዳጅ፦ ተነሥቷል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኪፕቾጌ ቪየና ላይ፣ እንደ ክብረ ወሰን ባልተቆጠረው ልዩ ሩጫ፣ ማራቶንን ከ2 ሰዓት በታች ሲጨርስ ሮጦ ያቀፈው ሚስቱን ነው፤ ልጆቹም እዚያው ነበሩ።

የሯጭ ሚስት፦ ሚስቱም ልጆቹም ሲሮጥ በቦታው ተገኝተው ያዩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ ሞሮኳዊውን ሂሻም ኤል ገሩዥንና ቀነኒሳን ቀድሞ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ 16 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ወጣት ሯጭ፦ ወር ያልሞላው ልጅ አለኝ፤ ሰኞ ካምፕ እገባለሁ። ደንቡ ቤተሰብ መጥቶ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። አሠልጣኝ፣ ረቡዕ ከሰዓት ልምምድ ሲቀል፣ ባለቤቴ ልጁን ይዛ ለአንድ ሰዓት ብትመጣ ምን ይጎድላል?

አሠልጣኝ፦ ለአንዱ ከፈቀድኩ ሃያው ይጠይቀኛል።

የሯጭ ሚስት፦ ሃያው ልጅ ካለው ሃያውም ይጠይቅዎት።