ለመቅደላ ጨዋታዬ የእንግሊዝ ወታደሮች ስም ጠቁሙኝ

ብሩሽና ቀለም፦
ሰላም ቤተሰብ። የመቅደላን ውጊያ (ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.) በጠረጴዛ ላይ ለመጫወት እየተዘጋጀሁ ነው። የእንግሊዙን 33ኛ ሬጅመንት ትናንሽ የወታደር ምስሎች ቀለም ቀብቼ ጨርሻለሁ፤ ሁሉም 28 ሚሊሜትር ናቸው። አሁን በየመቆሚያቸው ላይ ስም መጻፍ እፈልጋለሁ። በእኛ ወገን ፊታውራሪ ገብርዬን የመሰለ ሰው ቆሞ በዚያኛው በኩል ስም አልባ ወታደር ብቻ ሲሆን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። እስካሁን ያሰብኳቸው፦ ሻለቃ ሰር ዊልሰን፣ ሻምበል ኬቨን፣ ሃምሳ አለቃ ቶማስ፣ ከበሮ መቺው ትንሹ ጋሪ። እንግሊዝኛነታቸውን አልጠላሁትም፣ ግን የዘመኑ አልመስል አሉኝ። ምን ትላላችሁ?

የሊድሷ፦
ወንድሜ፣ ኬቨንና ጋሪን ዛሬውኑ አውጣቸው። ሁለቱም እንግሊዝ ውስጥ የተለመዱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጋሪን ያስወደደው የሆሊውዱ ተዋናይ ጋሪ ኩፐር ነው። በዚያ ዘመን ሰፈር ውስጥ ብትጣራ የሚዞሩልህ ዊሊያም፣ ጆን፣ ጆርጅ፣ ቶማስ፣ ጄምስና ሄንሪ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ጓድ ውስጥ ሦስት ዊሊያም ቢኖርህ አትፍራ፤ እንዲያውም እውነተኛ ያስመስለዋል።

የቤተሰብ ስሙ ላይ ግን ጊዜህን አጥፋ፤ ውበቱ ያለው እዚያ ነው። 33ኛው ከጥንት ጀምሮ በሰሜን እንግሊዝ ያለው የዮርክሻየር ምዕራባዊ ወረዳ ሬጅመንት ነበር። እኔ የምኖረው እዚሁ ነው። መቃብር ቦታም ሆነ የድሮ ሱቅ በር ላይ የማያቸው ስሞች ሱትክሊፍ፣ ግሪንውድ፣ አክሮይድ፣ ባራክሎ ናቸው። በ«ሰን» የሚያልቁትም፣ እነ ሮቢንሰንና ሃሪሰን፣ የሰሜኑን አገር ሰው ያስታውሳሉ። በሸማኔ ቤተሰቦች ደግሞ የብሉይ ኪዳን ስም ይወደድ ነበር፦ አብርሃም፣ ጆሽዋ፣ ኢኖክ። ኢኖክ እንግዲህ የእኛው ሄኖክ ነው። «ኢኖክ ግሪንውድ» ብለህ አንዱ ላይ ጻፍልኝ፣ ደስ ይለኛል።

መዝገብ አገላባጭ፦
እህታችን ያለችው ልክ ነው፤ ግን ሁሉንም ዮርክሻየሬ አታድርጋቸው። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጦር በአየርላንድ ልጆች የተሞላ ነበር። ማስረጃው ራሱ መቅደላ ላይ አለ። አምባው በር ላይ ጦሩ መሰናክል ገጥሞት ሲቆም ከ33ኛው የተወሰኑት በጎን በኩል ገደሉን ወጡ። ግንቡንና የእሾህ አጥሩን አልፈው መጀመሪያ የገቡት ከበሮ መቺው ማይክል ማግነርና ተራ ወታደሩ ጄምስ በርጊን ናቸው። ሁለቱም የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳሊያ የሆነውን ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለሙ፤ ሁለቱም የአየርላንድ ተወላጆች ናቸው። ለእነዚህ ሁለቱ ትክክለኛ ስማቸውን ስጣቸው። ለሌሎቹ አይሪሾች ፓትሪክ መርፊ፣ ማይክል ኬሊ፣ ዴኒስ ሱሊቫን ይበቃሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ትንሹ» ያልከው ከበሮ መቺ ልጅ መሆን የለበትም። ማግነር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው፤ መቅደላ ሲደርስ ሙሉ ሰው ነበር። የልጅ ፊት ቀብተህ ከሆነ ጢም ጨምርበት።

ዳይስ ወርዋሪ፦
ስሙን ካገኘህ በኋላ አጠራሩ እንዳያበላሽብህ። እኛ ሰውን በራሱ ስም ስለምንጠራ «ሃምሳ አለቃ ቶማስ» ብንል ምንም አይደለም። እዚያ ግን ማዕረግ የሚከተለው በቤተሰብ ስም ነው፦ ሃምሳ አለቃ ሱትክሊፍ። ተራ ወታደርማ ያለ ማዕረግም «ግሪንውድ!» ተብሎ ነው የሚጠራው። «ሰር» ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከራሱ ስም ጋር ነው የሚሄደው። የዘመቻው አዛዥ ሰር ሮበርት ኔፒየር በአጭሩ ሰር ሮበርት እንጂ ሰር ኔፒየር አይባልም። ስለዚህ ሰር ዊልሰን አያስኬድም። ደግሞም ሰርነት ለማንም አይታደልም፤ ሻለቃህን «ሻለቃ ዊልሰን» ብትለው ይበቃል።

ብሩሽና ቀለም፦
እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ መዝገብ፣ ማግነርና በርጊንን አላውቃቸውም ነበር፤ አሁኑኑ እጽፋቸዋለሁ። የሻምበሉ ነገር ቀረኝ። ሰይፍ የመዘዘ፣ አንገቱን ቀና ያደረገ ነው። ለእሱም ሱትክሊፍ ልስጠው?

መዝገብ አገላባጭ፦
ለእሱ ሌላ ፈልግ። የእግረኛ ጦር መኮንንነት እስከ እ.ኤ.አ. 1871 ድረስ በገንዘብ ይገዛ ነበርና ሻምበልህ የባለመሬት ወይም የባለገንዘብ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለው ሰው ስሙ ይረዝማል፤ ኔፒየር ራሱ ሮበርት ኮርኔሊስ ነው። የእናት ወገን የቤተሰብ ስም በመሃል ማስገባትም ልማዳቸው ነው። «ሻምበል ኤድዋርድ ፐርሲ ሃዋርድ» ብትለው ቀና ካለው አንገቱ ጋር ይሄዳል። ተራ ወታደሮቹን ግን በሁለት ስም ብቻ ተዋቸው። ልዩነቱ መቆሚያው ላይ ገና ሲነበብ ይታያል።

የሊድሷ፦
በለጠፍከው ፎቶ ላይ ጥምጣም ያሰሩም አየሁ። እነሱ የፑንጃብ ፓዮኒየሮች (ለጦሩ መንገድ የሚጠርጉ የህንድ ወታደሮች) ከሆኑ የእንግሊዝ ስም እንዳትሰጣቸው። ከዘመተው ጦር አብዛኛው ከህንድ የመጣ ነበር። የ23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒየር ወታደሮች የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ስለሆኑ ስማቸው በሲንግ ያልቃል፦ ራም ሲንግ፣ ጉርዲት ሲንግ፣ ሂራ ሲንግ።

ብሩሽና ቀለም፦
አዎ፣ እነሱው ናቸው። መቆሚያቸው ገና ባዶ ነው፤ በሂራ ሲንግ እጀምራለሁ። ተጽፎ ሲያልቅ ፎቶውን እዚሁ አደርገዋለሁ፣ ኢኖክ ግሪንውድንም ጨምሬ።