ዊንዶውስ 7 ሪፔር እምቢ አለኝ፤ ፎርማት ከመደረጉ በፊት እርዱኝ

የደሴዋ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። የምጽፍበት ኮምፒውተር የቆየ ዴስክቶፕ ነው። ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋ ራም፣ 160 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ላዩ ላይ ያለው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ነው።

ሰሞኑን መብራት ጠፍቶ ቆየ። ሲመጣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ጥቁር ስክሪን ላይ ስለ ሲሞስ የሚናገር ጽሑፍ አወጣና ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫኚ አለኝ። ተጫንኩ። የዊንዶውስ አርማ ብቅ ይላል፣ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እንዲህ እያለ ይዞራል።

ስታርትአፕ ሪፔር የሚለውን መረጥኩ። ብዙ ከፈለገ በኋላ ይህን ኮምፒውተር በራሴ መጠገን አልቻልኩም አለ። ሰፈራችን ያለ ጠጋኝ ደግሞ በዲቪዲ አስነሥቶ አፕግሬድ በሚለው በኩል ሞከረ። መጀመሪያ ዊንዶውሱን በደንብ አስነሥተህ ከዚያ ጀምር የሚል መልስ ሰጠው። አሁን መፍትሔው ፎርማት ብቻ ነው ይለኛል።

ሥራዬ በሙሉ ያለው ዴስክቶፑና ማይ ዶክመንትስ ላይ ነው። ውል፣ ማመልከቻ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ። ብዙው በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። ፎርማት ከተደረገ ደንበኞቼን ምን እላቸዋለሁ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሃርድዌር ከፒያሳ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። ፎርማት ላይ ገና አልተደረሰም።

ሪፔር አልሠራም ማለት ዊንዶውሱ ሞቷል ማለት አይደለም። ዲቪዲው አፕግሬዱን የመለሰው የዊንዶውስ 7 ደንብ ስለሆነ ነው። ፋይልና ፕሮግራም ሳይነካ ራሱን በራሱ ላይ የሚጭነው ከተከፈተ ዊንዶውስ ውስጥ ሲጀመር ብቻ ነው። ያን ጊዜም ዲቪዲው ከተጫነው ዊንዶውስ ጋር በዓይነቱም፣ በቋንቋውም፣ በ32 ወይም በ64 ቢትነቱም መመሳሰል አለበት። ከዲቪዲ ላይ ከተነሣ የሚቀረው ከስተም የሚባለው አዲስ ተከላ ነው። እሱን እንዳይነኩት።

ሁለት ነገር እይልን። ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ የዊንዶውስ አርማ ሳይመጣ ኤፍ8ን ደጋግመሽ ተጫኚ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሲስተሙ ሲበላሽ በራሱ እንዳይነሣ የሚከለክል መስመር አለ። እሱን ምረጪ። ሰማያዊው ስክሪን ቆሞ ይጠብቅሻል። በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ታች ያለውን ኮድ ጻፊልን። ሁለተኛ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የኮምፒውተሩ ምርጫዎች የሚስተካከሉበት) ውስጥ ገብተሽ ቀኑ ስንት እንደሚል እይ።

ሊኑክስ ወዳጅ፦
ፒያሳ ያለው ላይ እጨምራለሁ። ከማንኛውም ጥገና በፊት ፋይሉ ይውጣ። ዊንዶውሱ ባይነሣም ፋይሉ እዚያው አለ።

ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም ነው) የሚያስነሣ ፍላሽ አዘጋጂ። ለ2 ጊጋ ራም አንቲኤክስ ወይም ፓፒ ሊኑክስ ይሻላል፣ ቀላል ናቸው። ሩፈስ ፍላሹን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ይሁን። ፋይሉን የምትገለብጪበት ደግሞ ሌላ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ያስፈልግሻል። ሲነሣ ኢንስቶል የሚል ነገር ካየሽ አትንኪ። ከፍላሹ ላይ ብቻ ይሥራ። ሃርድ ዲስኩን ክፈቺና ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ በስምሽ ያለውን በሙሉ ገልብጪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ) አድርጊ የሚልሽ ሰው ይኖራል። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው ወይም ሲገለብጥ በጣም ከተንቀራፈፈ ፋይሉ ሳይወጣ ቼክ ዲስክ እንዳታስጀምሪ። ዲስኩን ብዙ ስለሚያሠራው የደከመ ዲስክ እዚያው ሊቀር ይችላል።

ፊደል ጠባቂ፦
ቪዥዋል ግዕዝ ስላልሽ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሰነዱን ብቻ ገልብጠሽ እንዳትቆሚ! ያ ጽሑፍ በዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቋሚ ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) አይደለም የተጻፈው። ከጀርባው ያለው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቺው የተዘበራረቀ ምልክት ይሆንብሻል። ሰው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል፣ ፋይሉ ግን ደኅና ነው።

ስለዚህ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን እንዳለ ገልብጪ። የቪዥዋል ግዕዙን መጫኛም ካገኘሽው አብረሽ ያዢ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት አገሩ ሁሉ በድሮዎቹ ፎንቶች ነው የጻፈው። ስንት ውል፣ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ መልክ እንደተቀመጠ አስቢው። አዲስ የምትጽፊውን በዩኒኮድ አድርጊ። የድሮውንም ጊዜ ባገኘሽ ቁጥር ለውጪው።

የደሴዋ ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፓፒ ሊኑክስ ተነሣልኝ። ፋይሉም ፎንቱም ወጥቷል። ዲስኩ ምንም ድምፅ የለውም፣ ሲገለብጥም ፈጣን ነበር። ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለው ኮድ ብዙ ዜሮ ነው፣ መጨረሻው 7ቢ ይላል። ባዮስ ውስጥ ያለው ቀን ደግሞ ጃንዋሪ 1፣ 2007 ነው። ባስተካክለውም ሶኬቱ ሲነቀል ወደዚያው ይመለሳል።

አዲስ ሲስተም፦
ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ከቆመ ቆይቷል። ፋይልሽ ከወጣ ለምን ዊንዶውስ 10 አትጭኚበትም? ትገላገያለሽ።

የቀድሞው ቴክኒሻን፦
7ቢ እና የተመለሰ ቀን አንድ ላይ ካሉ በሽታው ታውቋል። ዊንዶውሱ አልተበላሸም።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲለይ ሰዓቱን የምታስቀጥለው እሷ ናት። እንዳንቺ ባለ ቆየት ያለ ማዘርቦርድ የባዮሱን ምርጫም የምትይዘው እሷ ናት። መብራት እስካለ ብትደክምም አይታወቅም። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ግን ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። ኤፍ1 ተጫኚ ያለሽም ይህንኑ ሊነግርሽ ነው።

ከተረሱት ምርጫዎች አንዱ ሳታ ሞድ ነው። ሃርድ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር በየትኛው መንገድ እንደሚነጋገር የሚወስን ነው። አይዲኢ የሚባል አለ፣ ኤኤችሲአይ የሚባል አለ፣ አንዳንዱ ላይ ሬይድ የሚል ይጨመራል። ዊንዶውስ 7 ሲጫን ያኔ በነበረው መንገድ የሚያስፈልገውን ድራይቨር (ዊንዶውሱን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ብቻ ገና ሲነሣ እንዲጫን አድርጎ ያስቀምጣል። ሌላውን ሲነሣ አይጭነውም። የአንቺ ዊንዶውስ በአይዲኢ ተጭኖ ከነበረና ባዮሱ አሁን ወደ ኤኤችሲአይ ከዞረ፣ ዊንዶውሱ መነሣት ይጀምርና መሃል ላይ የራሱን ዲስክ ያጣዋል። 7ቢ ማለት የምነሣበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ማለት ነው።

ሪፔሩ ለምን እንደከሸፈም ከዚህ ይታይሻል። ስታርትአፕ ሪፔር የሚያየው የመነሻውን መዝገብ፣ የሲስተም ፋይሎችንና ሬጂስትሪውን ነው። የአንቺ ሁሉም ደኅና ናቸው። የተበላሸ ነገር ሳይኖር ምኑን ይጠግን? ባዮስ ውስጥ ገብቶ ምርጫ አይቀይርም። ሊኑክሱና ዲቪዲው ዲስክሽን ያዩት ደግሞ የሁሉንም ዓይነት ድራይቨር ይዘው ስለሚነሡ ነው። ለዚህ ነው ፋይልሽ በቀላሉ የወጣልሽ።

እንዲህ አድርጊ። ሶኬቱን ንቀይ፣ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ያዢ። ክዳኑን ክፈቺ። የኮምፒውተሩን ብረት ነካ አድርጊ፣ በእጅሽ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። የባትሪዋን መያዣ በቀስታ ገፋ ስታደርጊው ትነሣለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አስገቢ። ዘግተሽ አብሪ፣ ወዲያው ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጫኚ፣ ባዮስ ይከፈታል። ቀንና ሰዓቱን አስተካክይ። ከዚያ ስለ ሳታ ወይም ስለ ስቶሬጅ የሚናገረውን ገጽ ፈልጊ። አሁን ያለውን በወረቀት ጻፊ። ኤኤችሲአይ ከሆነ ወደ አይዲኢ፣ አይዲኢ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሪ። ሬይድ ካለም መጨረሻ ላይ እሱን ትሞክሪያለሽ። በኤፍ10 አስቀምጠሽ ውጪ። አንድ ዲስክ ብቻ ስላለሽ ይህን መቀያየር ፋይል አያጠፋም። ሌላ ምንም አትንኪ።

«አዲስ ሲስተም» በሚል ስም ለተጻፈው፦ ልክ ነው፣ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በጃንዋሪ 14፣ 2020 ቆሟል። ግን የዊንዶውስ 10ም በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። በ2 ጊጋ ራም ደግሞ መጫኑን ይጫናል፣ መሥራቱ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። የሳታው ነገር ሳይታይ ዝም ብሎ ቢጫንበት ኖሮ ሥራዋን አጥታ ችግሩ የዊንዶውስ ነበር ብላ ትቀር ነበር። ባትሪዋም እንደሞተች ትቀጥላለች። ለጽሕፈት ብቻ ከሆነ ይህ ማሽን ከኢንተርኔት ተለይቶ ይሥራ። ኢሜይሉንና ባንኩን በሌላ።

የደሴዋ ጸሐፊ፦
ተነሣ! ኤኤችሲአይ ላይ ነበር፣ ወደ አይዲኢ ስመልሰው ዊንዶውሱ እንደ ድሮው ተከፈተ። ምንም የጎደለ ፋይል የለም። ባትሪዋን ሰዓት የሚጠግን ሰው ዘንድ አገኘሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን ሪፔሩን ልድገመው ወይስ ይቅር?

የቀድሞው ቴክኒሻን፦
ይቅር። የሚጠገን ነገር የለም። ይልቅ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና እይ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየሽ ዲስኩ መቀየር አለበት። ሰማያዊ ከሆነ ሥራሽን ቀጥይ።

የእድር ጸሐፊ፦
ልጆች፣ የእኔም ጉዳይ ይመስላል ግን ኮዱ የለም። የእድራችን መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው። አፕዴት እየጫነ ሳለ መብራት ሄደ። ከሪፔር ዲስኩ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ፣ የልጄ ጓደኛ በነገረኝ መሠረት ኤስኤፍሲ የሚባለውን የሲስተም ፋይል መፈተሻ ትእዛዝ ጻፍኩ። ያልተጠናቀቀ ጥገና ስላለ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይነሣ ይለኛል። አልነሣ ብሎ ነው እኮ!

ሃርድዌር ከፒያሳ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ሌላ ነው። ባዮሱን አይንኩት። አፕዴቱ መሃል ላይ ስለተቋረጠ ተራ ይዞ የሚጠብቅ ሥራ አለ፣ ኤስኤፍሲን የከለከለው እሱ ነው።

መጀመሪያ ዊንዶውሱ በየትኛው ፊደል እንዳለ ይዩ። ከዲስክ ሲነሣ ፊደሎቹ ይቀያየራሉ። ብዙ ጊዜ ሲ የሚባለው 100 ሜጋ የሆነችው የመነሻ ክፍል ትሆናለች፣ ዊንዶውሱ ዲ ላይ ይሄዳል። ዲር ብለው፣ ክፍት ቦታ፣ ዲ፣ ሁለት ነጥብ ይጻፉ። ዊንዶውስና ዩዘርስ የሚሉ ፎልደሮች ከታዩ እሱ ነው።

ከዚያ በላቲን ፊደል እንዲህ ይጻፉ። ዲአይኤስኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ኢሜጅ ሁለት ነጥብ ዲ ሁለት ነጥብ ባክስላሽ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ክሊንአፕ ሰረዝ ኢሜጅ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ሪቨርትፔንዲንግአክሽንስ። የመጨረሻው ቃል ሳይነጣጠል ተያይዞ ይጻፋል። ያልተጠናቀቀውን አፕዴት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሲጨርስ ኮምፒውተሩን አስነሥተው ይሞክሩ። የእድሩ መዝገብ ሌላ ቅጂ ከሌለው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ለእህታችን እንደተነገራት በፍላሽ ያውጡት።

የእድር ጸሐፊ፦
ዲ ላይ ነው የተገኘው፣ እኔ ሲ ላይ ስደክም ነበር። መዝገቡን ፍላሽ ላይ አወጣሁ፣ ከዚያ ትእዛዙን ጻፍኩ። የመጀመሪያው መነሣት ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ በኋላ ግን ገባ። ተባረኩ ልጆቼ።